ማቺንግ ፈንድ ምንድን ነው? 20 በመቶው ከምኑ ነው የሚሰላው?

ማቺንግ ፈንድ ማለት ፈንድ ሰጪው ለፕሮጀክቱ ከሚሰጠው ገንዘብ ጎን ተቀባዩ ራሱ የሚያዋጣው ድርሻ ነው። «ማቺንጉ 20 በመቶ ነው፤ የሚሰጡን 800,000 ስለሆነ የኛ ድርሻ 160,000 ይሆናል።» የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ለማሠራት ከሚቀርቡ የበጀት ሰንጠረዦች ውስጥ ይህ ስሌት ደጋግሞ ይገኛል። ስሌቱ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም ትንሽ አይደለም።

በእንዲህ ዓይነቱ ፈንድ መቶኛው በአብዛኛው የሚወሰደው ከጠቅላላው የፕሮጀክት ወጪ እንጂ ከሚሰጠው ገንዘብ አይደለም። 800,000 ማለት 80 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 1,000,000፣ የናንተ ደግሞ 200,000 ነው። 160,000 ይዞ የቀረበ ሰው ጠቅላላው 960,000 ስለሚሆን ድርሻው 16.7 በመቶ ላይ ቀርቷል። ፈንድ ሰጪው ሳይጥለው ቀርቶ በያዘው ልክ ላስተናግደው ቢል እንኳ፣ ለ160,000 የሚገባው ተጓዳኝ 640,000 ብቻ ነው። 40,000 የጎደለው ሰው 160,000 አጣ ማለት ነው።

ግንበኛ «1 ለ4» ሲል ይህን ሁሉ ያለ ሰንጠረዥ ያውቀዋል። አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ አራት ሳጥን አሸዋ፣ በጠቅላላው አምስት ሳጥን። ሲሚንቶው የአሸዋው ሩብ፣ የድብልቁ ግን አንድ አምስተኛ ነው። ሲሚንቶውን ግማሽ አድርጎ አራቱን ሳጥን አሸዋ የሚያቦካ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ያገኘው የሚፈረፈር ነገር ነው።

«ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ ከየትም ቢመጣ ምን ልዩነት አለው?» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። አለው እንጂ! አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በሁለት ግንብ ላይ አይቆጠርም። ለሌላ ፕሮጀክት ማቺንግ ተብሎ የተመዘገበ ወጪ እዚህ ዳግም አይገባም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ ለሌላ የፌዴራል ገንዘብ ማቺንግ እንዲሆን በመርህ ደረጃ አይፈቀድም፤ ሕግ ለይቶ ሲፈቅድ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ከሁለተኛ ምንጭ ገንዘብ ስታገኙ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ገንዘብ ከመነሻው የማን ነው?» የሚለው ነው። በከተማው አስተዳደር እጅ አልፎ መምጣቱ ምንጩን አይለውጠውም።

ቀኑም ይቆጠራል። ከፈንድ ሰጪው ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ፣ በተለይም የቅየሳና የዲዛይን ክፍያ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተፈቀደ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ በሉት፤ ደረሰኙ አለ፣ ከረጢቱም አለ፣ ሥራ ላይ ግን አይውልም።

በጣም የሚያከራክረው የዓይነት መዋጮ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጉልበት፣ በዕቃ ወይም በመሬት የሚሰጥ ማለት ነው። «ሕዝቡ በጉልበቱ ይሸፍነዋል» ይባልና በጀቱ ላይ አንድ ክብ ቁጥር ይጻፋል። ጉልበት ይቆጠራል፣ ግን በሰዓትና በተመን ነው። 40 ሰው 5 ሰዓት ከሠራ 200 ሰዓት ነው፤ የሚባዛውም ለዚያው ሥራ በአካባቢው በሚከፈለው ዋጋ ነው። ሐኪም አካፋ ይዞ ቦይ ከቆፈረ የሚታሰብለት የቁፋሮ ዋጋ ነው። ቀያሽ በሙያው በነጻ ከቀየሰ ግን የቀያሽ ዋጋ ይታሰብለታል። ማስረጃው ስም፣ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ የራሱና የተቆጣጣሪው ፊርማ ያለበት ቅጽ ነው። ከላዩ «ተሳታፊዎች» ተብሎ ስም ብቻ የተደረደረበት ወረቀት የስብሰባ መዝገብ ነው፤ ኦዲተር ፊት ዋጋ የለውም። ሥራውም በፕሮጀክቱ ወሰን ውስጥ መሆን አለበት። በውሉ ላይ ችግኝ ተከላ ከሌለ፣ መንገዱ ዳር አንድ ሺህ ችግኝ ቢተከል ለማቺንጉ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

መሬትም እንዲሁ ነው። የተለገሰ የግል መሬት በገማች ተገምቶ ሊገባ ይችላል። ድሮውንም የመንገድ ክልል የነበረን መሬት ግን እንደ አዲስ መዋጮ ማቅረብ፣ ከግቢ አሸዋ ዝቆ ሲሚንቶ ነው እንደማለት ነው። «ወደፊት እንጠግነዋለን» የሚል ቃልም ማቺንግ አይደለም፤ የጥገና ግዴታ ከዚህ ተለይቶ የሚጠየቅ ነገር ነው።

አሁን ጨረታ ተከፈተ እንበል። አሸናፊው ዋጋ 900,000 ቢሆን ፈንድ ሰጪው የሚከፍለው 720,000፣ እናንተ 180,000 ነው። «800,000ው ተፈቅዶልናልና እኛ 100,000 ብቻ እንጨምር» አይባልም፤ ምጥጥኑ ይዟችሁ ይወርዳል። ወጪው ሲጨምር ግን አብሮ አይወጣም። 800,000 ጣሪያ ነው። ሥራው 1,150,000 ቢደርስ የናንተ 350,000 ይሆናል፤ ከ30 በመቶ በላይ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚያንረው አስፋልቱ ወይም ቀለሙ አይደለም፤ ካርታ ላይ ያልነበረ የውሃ ቱቦ፣ ከመንገዱ መሐል መነሳት ያለበት የመብራት ምሰሶ፣ የተረሳ የጎርፍ ማፋሰሻ ነው። የጠርዝ መወጣጫ (ተሽከርካሪ ወንበር ወደ እግረኛ መንገድ የሚወጣበት) ተዳፋቱ ከ1 ለ12፣ ማለትም በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር ከፍታ፣ በልጦ ሲገኝ ይፈርስና እንደገና ይሠራል፤ የዚህን ወጪ ደግሞ ማንም አይጋራችሁም። ስለዚህ ከማቺንጉ ሌላ፣ ማቺንግ ተብሎ የማይጠራ መጠባበቂያ ያዙ።

አንድ ያልተጠየቀ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ብዙው ፈንድ ከከፈላችሁ በኋላ የሚመለስ ነው። ሥራ ተቋራጩ የ100,000 ክፍያ ሲጠይቅ 100,000ውን ትከፍላላችሁ፤ 80,000ው በኋላ ይመለሳል። 200,000 በባንክ ያለው ሰው ማቺንጉን አሟልቷል፤ ተመላሹ ሳይደርስ ሦስተኛው የክፍያ ጥያቄ ከመጣ ግን እጁ ባዶ ነው።

ከማመልከቻው ጋር በሚያያዘው ደብዳቤም ላይ ስህተት ይሠራል። «ለፕሮጀክቱ ያለንን ሙሉ ድጋፍ በአክብሮት እንገልጻለን» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም። የሚፈለገው መጠኑን፣ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚለቀቅና ያንን በጀት የማዘዝ ሥልጣን ያለውን ሰው ፊርማ የያዘ ደብዳቤ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ገምጋሚው ማቺንጉን ዜሮ ብሎ ሊይዘው ይችላል።