‹ቴክ› የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ እና ቻይናውያን ተማሪዎች

ቻይና ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ‹ቴክ› የሚለውን ግስ ገና በለጋ ዕድሜው ያገኘዋል። የቃላት ዝርዝሩን ሲገልጥ አጠገቡ ‹ና› የሚል የቻይንኛ ፍቺ ያያል። በእጅ ማንሳት፣ መያዝ ማለት ነው። ፍቺው ትክክል ነው፤ ግን በጣም ጠባብ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ግስ በእጅ ለሚያዝ ነገር ብቻ አይደለም የሚጠቀሙበት።

ግሱ ራሱ ለእንግሊዝኛ መጤ ነው። ያመጡት ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች ሲሆኑ የተገኘውም ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ ነው። ‹ኒማን› የሚባለውን ነባር ግስ ቀስ በቀስ ገፍቶ ቦታውን ያዘ። ጀርመኖች የዚያን ነባር ግስ ዘመድ ‹ኔመን›ን ዛሬም ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። እንግሊዝኛ በአንድ ‹ቴክ› የሚያልፈውን ቻይንኛ ለብዙ ግሶች ያከፋፍለዋል። ቻይናዊው አውቶቡስ ‹ይቀመጣል›። መድኃኒት ‹ይበላል›፤ ‹ቺ ያኦ› ይለዋል። የሰውነት ሙቀትን ‹ይለካል›፣ ማስታወሻን ‹ይመዘግባል›። ለፎቶ፣ ለፈተና እና ገላን ለመታጠብም የየራሳቸው ግስ አላቸው። ስለዚህ ጀማሪው ‹ኢት ሜዲስን› ብሎ ቢጽፍ ሰንፎ አይደለም። በራሱ ቋንቋ ፍጹም ትክክል የሆነውን ነው የጻፈው። ‹ኦፕን ዘ ላይት› የሚለው የታወቀ ስህተትም ከዚሁ ይመጣል። በቻይንኛ በር መክፈትም፣ መብራት ማብራትም፣ መኪና መንዳትም ‹ካይ› በሚባል አንድ ግስ ይነገራሉ። እኛም ፎቶ ‹እናነሳለን›፣ ታክሲ ‹እንይዛለን›፤ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

‹ብሪንግ› እና ‹ቴክ›ን መለየት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው፤ ማምጣት እና መውሰድ ብሎ ያልፈዋል። ቻይንኛ ግን ለሁለቱም ‹ዳይ› የሚል አንድ ግስ አለው። ወደ ተናጋሪው ሲሆን ‹ላይ›፣ ከተናጋሪው ሲርቅ ‹ቹ› ይጨመርበታል። አቅጣጫው ያለው ግሱ ውስጥ ሳይሆን ከኋላው በሚከተለው ቃል ላይ ነው። ተማሪው ያንን ጭማሪ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲፈልግ ያጣዋል።

ተቃራኒውም አለ። ‹ኋ› የሚለው የቻይንኛ ግስ ገንዘብ ማውጣትንም ጊዜ ማጥፋትንም ይይዛል። እንግሊዝኛ ይህን ለ‹ስፔንድ›፣ ለ‹ኮስት›፣ ለ‹ፔይ› እና ለ‹ቴክ› ያካፍለዋል። የቻይና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን ደርድረው በተደጋጋሚ ያለማምዳሉ። ሰው ‹ስፔንድ› (ያወጣል) እና ‹ፔይ› (ይከፍላል) ያደርጋል። ዕቃ ‹ኮስት› (ዋጋ ያስወጣል) ያደርጋል። ለጊዜ ደግሞ ‹ኢት ቱክ ሚ ቱ አወርስ› ይባላል፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ እንደማለት። በእኔ እምነት ይህ ልምምድ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ፍቺን ሳይሆን ማን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እንደሚሆን ያስተምራል።

የግሱ መልክ መለዋወጥም አለ። የቻይንኛ ግስ በጊዜ አይረባም። ትናንትም ሆነ ነገ ያው ነው። ‹ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን› የሚለው ሰንጠረዥ እንግዲህ በቃል መሸምደድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያከብደው ጋኦካኦ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ብሔራዊ ፈተና። በ2024 ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ተመዝግበውበታል። በአብዛኞቹ ክፍለ ሀገራት ከ750ው ነጥብ 150ውን የሚይዘው የውጭ ቋንቋ ነው፤ አብዛኛው ተማሪም እንግሊዝኛን ይመርጣል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ክፍል ባዶ ቦታዎች ያሉበት ምንባብ ነው። ተማሪው ከአራት አማራጭ አንዱን ይመርጣል። እዚህ ላይ እንደ ‹ቴክ› ያሉ ተራ ግሶች ከባድ የሚባሉትን ቃላት ያህል ያስቸግራሉ። ብዙ ተማሪ ግን ጉልበቱን በፊደል ተራ በተደረደሩ የቃላት መጻሕፍት ላይ ያፈሳል። ‹ቴክ›ን ድሮ አውቄዋለሁ ብሎ ይዘለዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

በመምህራን ዘንድ ‹ጉዲንግ ዳፔይ› የሚባል ነገር አለ፤ ቋሚ ጥምረት ማለት ነው። ግሱን ለብቻው ሳይሆን ከነተከታዩ መያዝ ነው። ለ‹ቴክ› የግድ ያስፈልጋል። ‹ቴክ ኦፍ› ለአውሮፕላን መነሳት ነው፣ ለልብስ ማውለቅ። ‹ቴክ አፍተር› ወላጅን መምሰል ነው። ‹ቴክ ኢን› መረዳትም ማታለልም ሊሆን ይችላል። ‹ቴክ ኬር› የስንብት ቃል ነው፤ ‹ኦቭ› ሲጨመርበት መንከባከብ ይሆናል። ‹ቴክ ፎር ግራንትድ› ደግሞ አንድን ነገር ሁሌም አለ ብሎ ዋጋ መንፈግ ነው፤ የቃላቱ ድምር ወደዚያ አያደርስም።

ከሁሉም ጎበዞችን ሳይቀር የሚጥለው ‹ቴክ ፕሌስ› ነው፤ መከናወን፣ መካሄድ። ስብሰባ በሰዎች የሚካሄድ ነገር ስለሆነ ተማሪው ‹ወዝ ቴክን ፕሌስ› ይላል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሐረግ በተደራጊ መልክ አይቀበለውም። ትክክለኛው ‹ቱክ ፕሌስ› ብቻ ነው።