በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ጭው ይልበታል። ሚስቱ አጠገቡ ሆና ስታወራ ከሩቅ የምታወራ ይመስለዋል። ጠዋት ሲነሳ ግን ደህና ነው፤ ተመልሶ ሥራ ይገባል። ጉዳቱ የሚጠራቀመው እንዲህ ነው።

የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኮክሊያ የሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለና ፈሳሽ የሞላው ክፍል አለ። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ሴሎች አሉ፤ አናታቸው ላይ ፀጉር መሰል ጭራ አላቸው። ድምፅ ፈሳሹን ሲያናውጠው ጭራዎቹ ይታጠፋሉ፣ መልእክቱም በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ጩኸት ሲበዛ ጭራዎቹ ይጎዳሉ፤ ሴሎቹም ከአቅማቸው በላይ ሠርተው ይዝላሉ። እረፍት ካገኙ ብዙዎቹ ያገግማሉ። ነገሩ ሲደጋገም ግን ይሞታሉ። ዶሮ የሞተባትን ሴል መልሳ ታበቅላለች፤ እኛ አንችልም። በአይጦች ላይ እንደታየው ደግሞ መስማት ተመልሶም ሴሎቹን ከነርቭ የሚያገናኙት ጫፎች ጠፍተው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ "ጠዋት ለቀቀኝ" ማለት ብዙም አያስተማምንም።

መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ በተለይ 4,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 4,000 ንዝረት) አካባቢ ያለው። "ሰራ" እና "ፈራ" መለየት ያስቸግራል። ሰውየው "ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም" ይላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሆን ብሎ ችላ ያላቸው ይመስላቸዋል።

ስንት ድምፅ ይበዛል? በተለመደው የሥራ ቦታ ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በቀን ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ የስፌት መኪናው ድምፅ ያሰለቻል እንጂ ብዙውን ጊዜ እዚህ አይደርስም። ግራይንደርና የሰርግ ሞንታርቦ ግን ያልፉታል። መለኪያ ከሌለ፣ አጠገብህ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ በዝቷል ማለት ነው። ተኩስ ሌላ ነው፤ አንዴ ብቻውን ሊጎዳ ይችላል።

ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይረዳም። በደንብ የገባ የስፖንጅ መሰኪያ ይሻላል። ሰርግ ላይ ደግሞ ከሞንታርቦው ራቅ ማለት ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። አቦ፣ ሙሽራው ቢቀየምም ይቀየም!