የደለል ፀረ-ተባይ ብክለት ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ስለ አንገረብ ግድብ ከተወራ ደለል መነሳቱ አይቀርም። ወሬው ግን ሁሌ ስለ ብዛቱ ነው። ግድቡ ተሞላ፣ የሚይዘው ውኃ ቀነሰ ይባላል። ደለሉ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የደለል ፀረ-ተባይ ብክለት የሚባለው ለሰብል፣ ለወባ ትንኝ ወይም ለትኋንና ለበረሮ የተረጨ መድኃኒት በጎርፍ ታጥቦ ሐይቅ ወይም ግድብ ሥር ካለው ጭቃ ጋር ሲከማች ነው። ከተማ ያለበት ውኃ ደግሞ ከሁለት በኩል ይመጣበታል፤ ከላይ ከማሳው፣ ከታች ከየቤቱና ከየቱቦው። የመርጫ ፓምፑን ወንዝ ወርዶ የሚያለቀልቀውም አለ።

ለምን ጭቃው ላይ? ለወባ ትንኝ የሚረጨውን ዲዲቲን የመሰሉ ኬሚካሎች ስብ ውስጥ እንጂ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ስለዚህ የሸክላ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ብናኝ ላይ ይለጠፋሉ። ክረምት ላይ ጎርፉ ብናኙን ይዞ ይወርዳል። ውኃው ሲረጋ ብናኙ ይዘቅጣል፤ መርዙም አብሮት። ከላይ የተቀዳው ውኃ ኩልል ብሎ ምርመራ ሊያልፍ ይችላል፤ ጉዱ ከታች ነው። ውኃ ብቻ መርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለት ለእኔ የግማሽ መንገድ ሥራ ነው።

ጭቃው ሲመረመር ማየት ደስ ይላል። ግልጽ ቱቦ ወደ ታች ይሰካና ሳይናወጥ ይወጣል። ከላይ ስስ ቡናማ ሽፋን ይታያል። ከሥሩ ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ አየር የለውማ። ከዚያ እንደ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። የላዩ የቅርብ ዓመታት ነው፣ የታቹ የድሮ።

ዲዲቲ እዚህ ጋ ብዙ ያወራል። በኢትዮጵያ ለወባ ለአሥርት ዓመታት ቤት ለቤት ተረጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው፣ ቶሎ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይረጭ ገደበው። ዲዲቲ ሲፈራርስ አየር ባለበት ወደ ዲዲኢ፣ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ወደ ዲዲዲ ወደሚባሉ ኬሚካሎች ይለወጣል። ስለዚህ የላዩ ንብርብር ላይ ከእነዚህ ይልቅ ዲዲቲ ራሱ በዝቶ ከተገኘ፣ አንድ ሰው በቅርቡ ረጭቷል ማለት ነው። ጭቃ አይዋሽም።

ጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ትሎች መርዙን ይበላሉ፤ ትሎቹን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን እኛ። በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ከታች የሚለቅመው አምባዛ ቀድሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው። የአንገረብ ውኃ ደግሞ መጨረሻው በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ሐይቅ ነው።

ደለል ይጠረግ ሲባል ሁላችንም እናጨበጭባለን። የተጠረገው ጭቃ ግን የሆነ ቦታ መደፋቱ አይቀርም። ለም ነው ተብሎ አትክልት ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ናሙናው ቢታይ ይሻላል፤ አለዚያ ከግድቡ ያወጣነውን መርዝ ማሳችን ላይ እንመልሰዋለን።