ረቲናው ተለጠፈ ማለት ዓይኑ እንደ ድሮው ያያል ማለት አይደለም

«ኦፕሬሽኑ ተሳክቷል ካላችሁ ታዲያ ለምን አያይም?» ረቲናው፣ ማለትም የዓይንን የኋላ ግድግዳ የሸፈነው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ከቦታው ለቆ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቤተሰብ ለክትትል በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቃል። ሐኪሙ የለቀቀውን ረቲና መልሶ ይለጥፋል እንጂ የሞተ ሴል አያስነሳም። ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኙት ከሥራቸው ካለው ደም ሥር የበዛበት ሽፋን ነው፤ ረቲናው ሲለቅ ይህ ይቋረጥባቸዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማኩላ፣ ማለትም ለማንበብና ፊት ለመለየት የሚያገለግለው መሃለኛው ክፍል፣ ለቆ ነበር ወይ? ከለቀቀስ ስንት ቀን ቆየ? የሚለው ነው። ሳይለቅ ከተደረሰበት እይታው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለቆም በ3 ቀን ውስጥ ከተሠራ ጥሩ ተስፋ አለው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ተስፋው እየጠበበ ይሄዳል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች ብልጭታውንና ከጎን የሚመጣውን ጥላ «ሞራ ነው፣ ይብሰል» ብለው ወር ይጠብቃሉ። እይታው የጠፋው በዚያ ወር ነው፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይደለም!

«በሳምንቱ ካላየሁ አከተመ» የሚለውም ስህተት ነው። መሻሻሉ ወራት ይፈጃል፤ ዓመት አልፎም ጥቂት ይጨምራል። ረቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ዓይን ውስጥ ጋዝ ከተሞላ መጀመሪያ የሚታየው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ጋዙ ሲቀንስ ከላይ በኩል ይጠራና መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ከቪትሬክቶሚ (ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ከሚያወጣው ቀዶ ሕክምና) በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ እይታው ከደበዘዘ ብዙውን ጊዜ ሞራ ነው፤ ይሠራል፣ ይስተካከላል።

«ዓይን ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ሥራው ከ1 ሚሊ ሜትር በሚያንሱ 3 ቀዳዳዎች ያልቃል። ማንበብ ረቲና አያስለቅቅም። ፊትን ደፍቶ መተኛትም ለሁሉም አይታዘዝም፤ ረቲናው እንደተቀደደበት ቦታ ይለያያል።

አደገኛው ግን ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ያለበት ሰው «አውሮፕላን ካልተሳፈርኩ ችግር የለም» የሚለው ነው። ጋዝ ከፍታ ሲጨምር ያብጣል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የዓይን ነርቭ ይጎዳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በባሕር ጠለል ከፍታ የተሞላ ጋዝ እዚህ ሲደርስ መጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ባንኮክ ታክሞ የሚመለስ ሰው ከአውሮፕላኑ ከወረደ በኋላም አደጋው አይለቀውም። አዲስ አበባ ታክሞ አዳማ የሚሰነብትም ሲመለስ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ኤስ ኤፍ ሲክስ የሚባለው ጋዝ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ሲ ስሪ ኤፍ ኤይት ደግሞ 2 ወር ገደማ ይቆያል፤ የትኛው እንደተሞላልዎ ጠይቀው ያስጽፉ፣ ሐኪሙ ጠፍቷል እስኪልዎ ከፍታ አይለዋውጡ። ኃይለኛ የዓይን ሕመምና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ ሊሰጥዎ ከሆነም አስቀድመው «ዓይኔ ውስጥ ጋዝ አለ» ይበሉ፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ ዓይን ውስጥ ያለውን የጋዝ አረፋ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳብጠዋል።