የቆዩ ዳርክ ራይዶች እድሳት

ዳርክ ራይድ ጎብኚዎች በትንሽ ጋሪ ወይም በጀልባ ተቀምጠው በጨለማ ሕንፃ ውስጥ በተጠማዘዘ መስመር የሚጓዙበት የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻ ነው። በየማዕዘኑ ድንገት የሚበራ፣ የሚነሣ ወይም የሚጮህ ትዕይንት ይጠብቃቸዋል። እስካሁን ከሚሠሩት እጅግ የቆዩት መካከል በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ ኬኒውድ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተው ኦልድ ሚል ይገኛል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኦልድ ሚል የጀልባ መስመር ነው። ቦይ መሥራትና ውሃ ማንቀሳቀስ ለትናንሽ ፓርኮች ውድ ስለነበር፣ የኒው ጀርሲው ሊዮን ካሲዲ በ1928 በአንድ ሐዲድ የሚመራ የኤሌክትሪክ ጋሪ ይዞ ብቅ አለ፤ ፕሬትዝል የተባለው ኩባንያውም ይህንኑ ጋሪ በየፓርኩ አሠራጨ። ከዚያ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው ቢል ትሬሲ ነው። በ1974 እስኪሞት ድረስ ያጋደሉ ክፍሎችን፣ በጨለማ የሚያበሩ ቀለሞችንና አስፈሪ ምስሎችን ለብዙ ፓርኮች ሠርቷል። በሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ የትሪምፐር ፓርክ ሆንትድ ሀውስ (1964) እና በፔንስልቬንያ ኢሪ የዋልደሚር ፓርክ ዋኪ ሻክ (1970) ከእጁ ሥራዎች የተረፉ ናቸው።

እነዚህ ቤቶች ለዘለቄታ ታስበው አልተሠሩም። ምስሎቹ በወንፊት ሽቦ ላይ በኮላ የተለበጠ ወረቀት፣ ግድግዳው ስስ ኮምፔንሳቶ፣ መጋረጃው ጆንያ ነበር። ለጥቂት ዓመታት ተብሎ የተሠራ ዕቃ ስድሳና ሰባ ዓመት ሲያገለግል፣ እድሳቱ ቀለም ከመቀባት ያለፈ ሥራ ይሆናል። ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የመስመሩ አቅጣጫ፣ የጨለማው ጥራት፣ እና ትዕይንቱ የሚመጣበት ቅጽበት። አንድ ምስል ቢተካ ቤቱ ያው ቤት ነው። መስመሩ ተቆርጦ በምትኩ ስክሪን ሲሰቀል ግን የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ከመፍታት በፊት

ማንኛውም ነገር ከቦታው ከመነሣቱ አስቀድሞ ቤቱ እንዳለ ይመዘገባል። እያንዳንዱ ክፍል በመደበኛ መብራት አንድ ጊዜ፣ በአልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው ጨረር) መብራት ሌላ ጊዜ ፎቶ ይነሣል፤ በነጭ ብርሃን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በአልትራቫዮሌት ሥር ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉና። የሐዲዱ ኩርባ፣ የእያንዳንዱ ምስል ከሐዲዱ ያለው ርቀትና ከወለል ያለው ከፍታ ይለካል። የድሮዎቹ ድምፆችም ይቀዳሉ። በብዙ ቤቶች ድምፁ የሚወጣው ከድምፅ ማጉያ ሳይሆን ጋሪው ሐዲዱ አጠገብ ያለ ምላስ ሲረግጥ ከሚጋጩ ላሜራዎች ነው፤ ይህ አንዴ ከተጣለ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ግድግዳው ላይ ከተደራረቡት ቀለሞች ትንሽ ቁራጭ ተፍቆ በአጉሊ መነጽር ቢታይ የመጀመሪያው ቀለም የትኛው እንደነበር ይነግራል።

በዚሁ ደረጃ የአደገኛ ዕቃዎች ምርመራ መደረግ አለበት። ከ1978 በፊት በተቀባ አሜሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ሊድ ያለበት ቀለም፣ በአሮጌ የወለል ንጣፍና በቧንቧ መሸፈኛ ውስጥ አስቤስቶስ፣ በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩ የፍሎረሰንት መብራት ባላስቶች (የኤሌክትሪክ ፍሰት መቆጣጠሪያዎች) ውስጥ ደግሞ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊኖር ይችላል። ሠራተኛው ይህን ሳያውቅ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈገ አቧራው መላውን ቤት ይበክላል።

ጣሪያ፣ ወለል፣ ሐዲድ

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ጣሪያው እያፈሰሰ ምስል ማደስ ገንዘብ መጣል ነው። የወለሉ ጣውላ ከሥር መታየት አለበት፤ ላዩ ደህና መስሎ ተሸካሚው እንጨት የበሰበሰበት ቤት ብዙ ነው። ወለሉ በጥቂት ሚሊሜትር ሲሰምጥ ሐዲዱ አብሮ ይሰምጣል፣ ጋሪው ያጋድላል፣ የኤሌክትሪክ መቀበያው ጫማ ከመስመሩ ይላቀቃል፣ ጋሪውም ጨለማው መሀል ይቆማል። ሐዲዱ በውሃ ልክ ተለክቶ ከሥሩ ስስ ላሜራ በመሸጎጥ ይስተካከላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ደረጃ በጣት ሲዳሰስ የማይሰማ እስኪሆን ይፈገፈጋል። የኩርባዎቹ ውስጠኛ ጎን ቀድሞ የሚበላው ክፍል ስለሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ውፍረቱ ይለካል።

ጋሪው ራሱ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ኩሽኔቶች ይቀየራሉ፤ የብየዳ መስመሮችና የመቀመጫው ማሠሪያዎች ስንጥቅ እንዳላቸው ይመረመራሉ፤ የሞተሩ ጥምጥም የኢንሱሌሽን መቋቋም ይለካል። መቋቋሙ ከ1 ሜጋኦም በታች የወረደ ሞተር ደርቆና ተጸድቶ እንደገና ሳይለካ ወደ ሥራ አይመለስም። ባሕር አጠገብ ያሉ ፓርኮች ከዚህ የባሰ ጠላት አላቸው። በ1955 የተከፈተው የኮኒ አይላንዱ ስፑክ-አ-ራማ በጥቅምት 2012 ሳንዲ በተባለው አውሎ ነፋስ በባሕር ውሃ ተጥለቅልቆ በ2013 ዳግም ተከፍቷል። ጨዋማ ውሃ የነካው ማብሪያ፣ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እና ሽቦ ደርቆ ቢሠራ እንኳ አይታመንም፤ የቀረው ጨው እርጥበት እየሳበ መዳቡን ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያሾልካል። መተካት ብቻ ነው መፍትሔው።

በድሮው አሠራር ጋሪዎቹ እንዳይጋጩ የሚጠብቃቸው የላኪው ሠራተኛ ሰዓትና ዓይን ብቻ ነበር። ሁለት ከባድ ሰዎች የጫነው ጋሪ ዝግ ብሎ፣ ልጅ ብቻ የጫነው ፈጥኖ ስለሚሄድ ኋለኛው ፊተኛውን ይደርስበታል። ስለዚህ እድሳቱ ሐዲዱን በኤሌክትሪክ ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ ፊተኛው ጋሪ ክፍሉን ለቆ መውጣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ከኋላው ያለው ክፍል ኃይል አያገኝም።

ትዕይንቱና ቅጽበቱ

የትዕይንት ማስነሻ ከጋሪው ቦታ ጋር እንጂ ጋሪው ከተላከ በኋላ ካለፈው ጊዜ ጋር መታሰር የለበትም። ስሌቱ ቀላል ነው። ጋሪው በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ፣ ምስሉ ለመነሣት 1.5 ሰከንድ የሚፈጅ፣ መነሣቱን እንዲጨርስ የሚፈለገውም ተሳፋሪው 2 ሜትር ሲቀረው ከሆነ፣ ማስነሻው ከምስሉ 3.5 ሜትር በፊት ይተከላል። ግማሽ ሜትር ስህተት ድንጋጤውን ይገድለዋል፤ ምስሉ ቀድሞ ከተነሣ ተሳፋሪው ከሩቅ አይቶት ይዘጋጃል፣ ከዘገየ ደግሞ ከጀርባው ይቀራል። በብርሃን ጨረር የሚሠሩ ሴንሰሮች አቧራና የጭስ ማሽን ቅሪት ሲሸፍናቸው ስለሚታወሩ፣ ብረት ሲቀርብ የሚሰማ ሴንሰር ወለሉ ላይ ማሰር ይሻላል። ያው የጭስ ፈሳሽ ወለሉንም ስለሚያንሸራትት ጎማው ይሾራል፤ ጋሪው ኩርባ ላይ በደከመ ቁጥር ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት ወለሉን መጥረግ ይገባል።

በአየር ግፊት የሚሠሩ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ 6 ባር አካባቢ ይበቃቸዋል። ዋናው ችግራቸው በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ነው፤ ቫልቩን ያዝጋል፣ ምስሉንም ያዘገየዋል። ስለዚህ ከኮምፕረሰሩ ቀጥሎ ማድረቂያ ይገባል፣ ታንኩም በየቀኑ ይጠፈፍለታል። አየር ቢቋረጥ ምስሉ በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል ከጋሪው መንገድ ወደ ኋላ የሚመለስ መሆን አለበት፤ ወደ መንገዱ የሚወድቅ ከሆነ አገጣጠሙ የተሳሳተ ነው።

የተበላሸ የወረቀት ምስል ቢቻል ተጠግኖ፣ ካልተቻለም በሲሊኮን ፎርማው ወጥቶ በፋይበር ግላስ ይቀዳል። የመጀመሪያው ምስል አይጣልም። ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ምስጥና ሻጋታ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

ብርሃንና ቀለም

ብዙ እድሳቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ፍሎረሰንት ቀለም የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። ቀለሙ አሳላፊ በመሆኑ ከሥሩ ንጹሕ ነጭ መደብ ይፈልጋል፤ በጥቁር ወይም በአሮጌ ቀለም ላይ ከተቀባ ግማሽ ድምቀቱን ያጣል። ቀለሙን ለማፍዛት ተብሎ ተራ ነጭ ቀለም ከተደባለቀበት በውስጡ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌቱን ውጦ ያደበዝዘዋል። በላዩ የሚቀባው መከላከያ ቫርኒሽም ከፀሐይ የሚከላከል ዓይነት ከሆነ አልትራቫዮሌቱን ስለሚያግድ ምስሉ ጭራሽ አይበራም።

የድሮዎቹን ቱቦ መብራቶች በኤልኢዲ መተካት ዛሬ የተለመደ ነው፤ ግን የሞገዱ ርዝመት ወሳኝ ነው። 395 ናኖሜትር የሆነው ርካሽ ኤልኢዲ ወይን ጠጅ የሆነ ብርሃን አብሮ ስለሚረጭ የጣሪያው ማገሮችና ሽቦዎች ይጋለጣሉ። 365 ናኖሜትር የሆነው ይወደዳል፣ ጨለማውን ግን ጨለማ አድርጎ ይተወዋል። ኤልኢዲ ብርሃኑን አጥብቦ ስለሚልክም የቱቦ መብራት በነበረበት ቦታ አንድ ለአንድ ቢተካ ምስሉ ላይ ክብ ብርሃን ያርፋል፣ ጠርዙም ይጠፋል።

የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የእነዚህ ቤቶች ጉዞ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ መተላለፊያ ባዶ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዓይን ትንሽ እንዲረጋጋ ጊዜ ይሰጣል። «ምንም የለበትም» ብሎ ደማቅ ትዕይንት እዚያ መጨመር ቀጥሎ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ያደበዝዛል። በጋሪው እየተገፉ የሚከፈቱት በሮችም ብርሃን ያግዳሉ፤ የጎማ ጠርዛቸው ሲበላ የፀሐይ ብርሃን ሾልኮ ይገባል፣ የፍሎረሰንት ቀለሙንም ያነጣዋል።

እሳት

ሰኔ 9 ቀን 1979 በሲድኒ ሉና ፓርክ የጎስት ትሬይን እሳት ስድስት ልጆችና አንድ ጎልማሳ ሞቱ። ግንቦት 11 ቀን 1984 በኒው ጀርሲ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር በእግር በሚጎበኘው ሆንትድ ካስል ውስጥ ስምንት ወጣቶች አለቁ፤ ቤቱ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ አልነበረውም። ዛሬ በአሜሪካ ኤንኤፍፒኤ 101 የተባለው የሕይወት ደህንነት ኮድ እነዚህን ቤቶች ለብቻቸው ይመለከታቸዋል። የውሃ መርጫና የጭስ ጠቋሚ ይጠይቃል፤ ጠቋሚው ሲሠራ የመውጫ መንገዱ መብራት መብራት፣ ግራ የሚያጋባው ድምፅና የብርሃን ትዕይንትም መቆም አለባቸው። አዳሹ ለጥንታዊነቱ ሲል እዚህ ላይ መደራደር የለበትም። ጆንያና መጋረጃ እሳት በሚከላከል ኬሚካል ይነከራል፤ ኬሚካሉ በመታጠብና በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ ተደጋግሞ ይፈተናል። የመርጫው ቧንቧ ጥቁር ተቀብቶ ከዓይን ሊሰወር ይችላል፤ የመርጫው አፍ ግን ቀለም ፈጽሞ አይነካውም፣ ከነካው አይፈነዳም ወይም ይዘገያል።

የለወጡና የመለሱ

የዲዝኒላንዱ የስኖው ዋይት መስመር በ1955 ተከፍቶ፣ በ1983 ከመላው ፋንታሲላንድ ጋር እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ በ2021 ደግሞ በአዲስ ስም፣ በሌዘር ፕሮጀክሽንና በአስደሳች ፍጻሜ ተመለሰ። የኬኒውዱ ኦልድ ሚል ተቃራኒውን መንገድ ሄደ፤ በ2004 በካርቱን ድመቱ ጋርፊልድ ጭብጥ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ በ2020 ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሷል። መመለስ የተቻለው ቦዩና ሕንፃው ስላልፈረሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ጭብጥ የግድ ከሆነ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ግድግዳ አይቁረጥ።

ከመከፈቱ በፊት ጋሪው ላይ የተዘረጋ ክንድ የሚደርስበትን ስፋት የሚያሳይ የእንጨት ፍሬም ታስሮ መላውን መስመር በእጅ ይገፋል። ፍሬሙን የነካ ሁሉ፣ ምስሎቹ ተነሥተው ባሉበት ሁኔታ ጭምር፣ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዚያ ጋሪዎቹ ባዶ፣ ግማሽ ጭነትና ሙሉ ጭነት ሆነው ይሮጣሉ፤ ለጭነቱ የአሸዋ ከረጢት ይበቃል። በመጨረሻም ኃይሉ ሆን ተብሎ መሀል መንገድ ላይ ይቆረጥና ሠራተኞቹ ሰዎችን ከየጋሪው አውጥተው በአደጋ ጊዜ መብራት ወደ በሩ ለማድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ይመዘገባል።