መጠነ ቁስ አይጠፋም ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ሚዛን ላይ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ደባለቀ። ቁጥሩ ሲቀንስ አየና «አያችሁ፣ መጠነ ቁስ አይጠፋም የሚለው ሕግ የሚሠራው ዕቃው ከተዘጋ ብቻ ነው» አለ። ይህችን አባባል ስንቴ እንደሰማኋት! ወንድሜ፣ ክዳን ስለተከፈተ ሕጉ አይቆምም። የጎደለው የአንተ ቆጠራ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው አለ እንበል። ቦታ ቢቀያየሩም ያው አሥር ናቸው፤ አቶሞችም በኬሚካዊ ለውጥ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሩ ተከፍቶ ሦስቱ ቢወጡ ሦስት ሰው ከዓለም ጠፋ ይባላል? ውጭ ቆመዋል እኮ! 8.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በቂ ኮምጣጤ አግኝቶ ሲያልቅ 4.4 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ሚዛኑ የሚቀንሰውም ከዚያ ትንሽ ባነሰ ልክ ነው፤ ጥቂቱ ጋዝ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራላ። ስንት እንደሚወጣ አስቀድመን ማስላት የቻልነው ሕጉ ስለሚሠራ ነው።

በሩ ደግሞ ያስገባልም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮአዚዬ በ1774 እ.ኤ.አ. ቆርቆሮ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲያግል ክብደቱ አልተለወጠም፤ ሲከፍተው ግን አየር ገባና ጨመረ።

«ታዲያ ፊኛ እንግጠምበት» የሚሉ አሉ። ጋዙ አያመልጥም፣ ሚዛኑ ግን አሁንም ይቀንሳል! ፊኛው ሲነፋ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ አየሩም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክፍሉ ተለጥጦ ውጭ ያሉትን ሲገፋ እነሱም መልሰው እንደሚያነሱት አስቡት። ለ2 ሊትር ፊኛ ይህ ግፊት ወደ 2.4 ግራም ይጠጋል፣ በባሕር ጠለል ላይ ማለቴ ነው፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያንሳል። ብዙ ተማሪ «ፊኛው አፈሰሰ» ብሎ የሚያልፈው ይህንን ነው።

የማይለጠጥ ዕቃ ያዙ። ግማሽ ሊትር የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ ብርጭቆ ግን አደራ፣ ሊፈነዳ ይችላል። 1 ግራም ሶዳ በሶፍት ጠቅልሉ፣ ከዚያ አትብለጡ። ጠርሙሱን፣ ኮምጣጤውን፣ ሶዳውንና ክዳኑን አንድ ላይ መዝኑ። ሶዳውን ጨምራችሁ ቶሎ ክደኑና አረፋው ሲያበቃ እንደገና መዝኑ፦ ያው ነው። ሚዛኑ የግራም መቶኛን የሚያነብ ይሁን፤ በግራም ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ምንም አያሳያችሁም። አሁን ክዳኑን በቀስታ ላላ አድርጉት። ትሽ ይላል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሦስቱ ሰዎች ወጡ ማለት ነው።