«ሴቶችን ነካህ፣ መጅ ነካህ»፦ የደቡብ አፍሪካ ሴቶች አባባል ከየት መጣ?

ነሐሴ ሲገባ ጆበርግ ውስጥ ይሄ አባባል የሌለበት ቦታ የለም፣ ቲሸርት ላይ፣ ባነር ላይ፣ ሬዲዮ ላይ። «ዋቲንት አባፋዚ፣ ዋቲንት ኢምቦኮዶ»። ብዙ ሰው «ሴትን ከነካህ ቋጥኝ ነካህ» ብሎ ነው የሚተረጉመው፣ እኔም ጂፒ (ጆበርግ ያለችበት ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር) ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ እንደዛ ነበር የማውቀው። ከዛ አንድ ቀን ብርድ ልብስ ከኔ የሚገዙ ማማ የምላቸው የዙሉ እናት አሉ፣ «ማማ፣ ኢምቦኮዶ ግን ምንድነው?» አልኳቸው። ቦርሳቸውን አስቀመጡና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ደርበው ወደፊት ወደኋላ ገፋ መለስ፣ ገፋ መለስ አደረጉ። ወዲያው ገባኝ፣ መጅ ነው! እናቴ ማሽላ ስትፈጭ የምትይዘው የላይኛው ድንጋይ።

ዋቲንታ ማለት ነካህ፣ አባፋዚ ማለት ሴቶች፣ ስለዚህ ቃል በቃል «ሴቶችን ነካህ፣ መጅ ነካህ» ነው። ቋጥኝ ሲባል ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ነው የሚታየኝ፣ መጅ ግን ከሴት እጅ የማይለይ፣ እህሉን አድቅቆ ዱቄት የሚያደርግ ነገር ነው። መጀመሪያ ሲዘፈን ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኡዛ ኩፋ» የሚል አለው፣ ትሞታለህ ማለት ነው፣ አሁን ቲሸርቱ ላይ አይጽፉትም።

የተዘፈነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ነው፣ በኛ ነሐሴ 3 ቀን 1948። ወደ 20,000 የሚሆኑ ሴቶች ፕሪቶሪያ የመንግሥት መቀመጫው ዩኒየን ቢልዲንግስ ድረስ ወጥተው ለጠቅላይ ሚኒስትር ስትራይዶም ነበር የዘፈኑለት፣ ስሙን እየጠሩ «ስትራይዶም፣ ሴቶችን ነካህ» ብለው። የነካቸው በፓስ ነው። ጥቁር ወንዶች ድሮም ይሄን የይለፍ ደብተር ሳይዙ ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ አይችሉም ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለጥቁር ሴቶችም ይሰጥ ተባለ። አንዲት እናት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ደብተሩ እጇ ላይ ከሌለ ፖሊስ ይዟት ይሄዳል፣ ልጆቿ እቤት ተዘግቶባቸው የት እንደገባች ማን ይነግራቸዋል? ሴቶቹን ያስነሳቸው ይሄ ነው።

የነጭ ሴቶች ድርሻ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ እኔ ይሄን አለሳልሼ ማለፍ አልፈልግም። ያን ጊዜ ብዙ ጥቁር ሴት የነጭ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ጓሮ ባለች ትንሽ ክፍል ታድራለች፣ የራሷ ልጆች ገጠር አያታቸው ጋ ናቸው፣ እሷ የማዳምን ልጅ አዝላ ታሳድጋለች (አረብ ሀገር የሠራች እህት ያላችሁ «ማዳም» የምትለዋን ቃል በደንብ ታውቋታላችሁ)። ፓስ ደግሞ አሠሪ በየወሩ የሚፈርምበት ደብተር ነው፣ ስለዚህ ለቤት ሠራተኛ ፓስ ማለት ከተማ ውስጥ የመኖር መብቷ በማዳም እስክሪብቶ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። የነጭ ሴቶች የምርጫ መብት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሰጥ ጥቁር ሴቶችን ትቶ ነው፣ ኬፕ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበሩትን ጥቂት ጥቁር መራጮች ድምፅም አቀለለው። ነጭ ሴቶቹም በሥርዓቱ ተበዳይ ነበሩ የሚሉ አሉ፣ ባሎቻቸው ቤት በባል ሥር ስለነበሩ እውነት አለው፣ ግን ፈራሚዋና የሚፈረምላት አንድ ላይ አይቆጠሩም።

ሆኖም ሰልፉን የመሩትን አራቱን ተመልከቱ። ሊሊያን ንጎዪ ጥቁር፣ የፋብሪካ ልብስ ሰፊ። ሄለን ጆሴፍ ነጭ፣ እንግሊዝ የተወለደች። ራሂማ ሙሳ የህንድ ዘር፣ ሶፊያ ዊሊያምስ «ከለርድ» (ቅይጥ ዘር) ከሚባሉት፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ። አፓርታይድ በመኖሪያ ሰፈር፣ በአውቶቡስ፣ በሽንት ቤት የለያቸው አራት ሴቶች ናቸው አንድ ላይ ፓስን የሚቃወም ፊርማ ተሸክመው ደረጃውን የወጡት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ሐሙስ የቤት ሠራተኞች የእረፍት ቀን ነው። ይሄም ሆኖ አንዳንዶቹ የአሠሪያቸውን ነጭ ሕፃን ይዘው ነው የመጡት! እስቲ አስቡት፣ የማዳምን ልጅ ይዛ ማዳም የምትፈርምበትን ደብተር ልትቃወም። ስትራይዶም ቢሮው አልነበረም፣ ፊርማውን በር ላይ ከምረው ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ ቆሙ። 20,000 ሴት፣ ከነልጆቹ፣ ጸጥ። ከዛ በኋላ ነው የተዘፈነው።

ፓስ ግን ወዲያው አልቀረም፣ ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ 30 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ሊሊያንም ሄለንም ያው ዓመት ሳያልቅ በአገር ክህደት ተከሰው ታሰሩ፣ ሄለን ኋላ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የቁም እስረኛ ሆነች። ሊሊያን በ1980 ነፃነቱን ሳታይ ሞተች። ሄለን በ1992 ስትሞት የተቀበረችው ሊሊያን ያለችበት የጥቁሮች ሰፈር ሶዌቶ፣ አቫሎን መቃብር ነው፣ በሕይወት እያሉ እዛ ሰፈር አብረው መኖር በሕግ የተከለከሉ ሴቶች።

እኛ ጋ ስለ ሴት የሚተረተው አብዛኛው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» ዓይነት ነው፣ ሌላ ሰው ስለ እነሱ ያወጣው። ይሄኛውን ግን ሴቶቹ ራሳቸው፣ ከራሳቸው ጓዳ ዕቃ አንስተው ነው ያወጡት፣ ለዛ ነው «ቋጥኝ» ሲባል የሚከፋኝ። ፕሪቶሪያ ዩኒየን ቢልዲንግስ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራላቸው ሐውልት አለ፣ መሐሉ ላይ ያስቀመጡት የወፍጮ ድንጋይ ነው።